የሚቧጥጠው ብዕር

የቤታችን ግድግዳ ሳንቃ ነው፤ ያውም ነጠላ። ማእድ ቤት ውስጥ የተባለ ነገር መኝታ ቤቴ ድረስ ሳይጋበዝ ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጫማዬን አልጋ ሥር እየፈለግኩ ሳለ የወንድሜ ሚስት የዴሊያ ድምፅ መጣ። «ለብዕር ብላ እኛን ሞግዚት አደረገችን። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው እኮ! እኩዮቿ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፣ እሷ በቀለም ትጫወታለች።» ይህንን ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት ጫማ ፍለጋዬን አላቋረጥኩም። ያስነሳኝ ቀጥሎ የመጣው የወንድሜ የኤፍሬን ድምፅ ነው። «እሷ ትሂድ፣ ማን ከለከላት? ብዕሩ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም። የአባቴን እጅ በሞረድ ልታስበላው? ከመሳቢያዋ አውጥቼዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ነው።»

በአንድ እግር ጫማ ማእድ ቤት ገባሁ። ሩዙ ተጥዷል፣ የደረቀው ዓሣ ዘይት ውስጥ ይንጫጫል፣ ዴሊያ የእኔን ሽርጥ ታጥቃለች። ኤፍሬን ታናሼ ነው። የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ይሸጣል፤ ቤቱ ሩቅ አይደለም፣ የሚመጣው ግን ለገናና ለሙታን ቀን ብቻ ነው። ትናንት ማታ የመጣው፣ እኔ ባኮሎድ ብዕር ባዛር ውዬ እስክመለስ እናታችንን እንዲጠብቅ መጀመሪያ ለምኜው፣ እንቢ ሲል ደግሞ ጭኜ ደጃፉ ላይ እንደማስቀምጣት ስለነገርኩት ነው። የብዕሩ ክዳን ከሸሚዙ ኪስ ብቅ ብሎ ያበራል።

«አምጣ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ኪስህ ውስጥ ያለውን።»

«ማናንግ…» ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ ሊለምነኝ ሲፈልግ ደግሞ ይጎትተዋል። «ይሄ እኮ የአባታችን እጅ ነው። እሱ ጽፎበት ጽፎበት ነው ጫፉ እንዲህ የሆነው። አንዴ ካስሞረድሽው አለቀ። ናናይስ? እናታችን ማታ ማታ ምን ልትሰማ ነው?»

እዚህ ላይ ውሸት አልተናገረም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። የቀለም ብዕር የአንድ ሰው እጅ ብቻ ሲጽፍበት ከኖረ ጫፉ በዚያ ሰው አያያዝ ይበላል፤ ጫማ በአንድ ጎኑ እንደሚያልቀው ማለት ነው። አባቴ ግራሲያኖ የስኳር ፋብሪካ ደመወዝ ከፋይ ነበር። እጁ ከባድ ነበር፣ ብዕሩንም ወደ ግራ አዘንብሎ ይጫነው ነበር። ከሞተ በኋላ ብዕሩ ለእኔ ደረሰ፤ ኤፍሬን ያኔ የወሰደው ሰዓቱን ነው፣ ብዕሩን ዞር ብሎም አላየው። ብዕሩ እኔ ስጽፍበት ይቧጥጣል። ቧጣ፣ ቧጣ፣ ቧጣ፣ ልክ አባቴ ማታ ሂሳብ ሲሠራ እንደነበረው። እናቴ ነገር መርሳት ከጀመረች ወዲህ የሚያስተኛት ይኸው ድምፅ ነው። ገንፎዋን አብልቼ አልጋዋ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ቁጭ እላለሁ፤ እጽፋለሁ። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ሲያኖ፣ ዛሬም አልጨረስክም?» ትላለች። እኔ ድምፄን አወፍሬ፣ «ልጨርስ ነው» እላለሁ። ከዚያ ትተኛለች። ቀን ቀን እኔን የምታውቀኝ እንደ ሠራተኛ ነው፤ «አንቺ ልጅ፣ ውሃ አምጪ» ትለኛለች። ስሜን ከጠራችኝ ስንት ክረምት እንደሄደ እንጃ። ኤፍሬን በዓመት ሁለቴ መጥቶ ይህን ጨዋታ ይሰማና አልቅሶ ይሄዳል። እሱ ያለቅሳል፣ የሞተ ሰው የምሆነው ግን እኔ ነኝ።

እጄን ሰድጄ ብዕሩን ከኪሱ አወጣሁት። አልታገለኝም። ዴሊያ ዓሣውን እየገለበጠች፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል ብቻ» አለች፣ ለዓሣው የምትነግር ይመስል።

«ገንፎው ከቀትር በፊት፣ መድኃኒቱ ከገንፎው በኋላ» አልኩ። «እንቢ ካለች ዝፈንላት።»

«ምን ልዝፈንላት?» አለ ኤፍሬን።

«አባትህን እንዲህ ከወደድክ ዘፈኑንማ አታጣውም።»

ከኢሎይሎ ወደብ ወደ ባኮሎድ የምትሄደው የመጀመሪያዋ ጀልባ ውስጥ ቅዝቃዜው አጥንት ይበላል፤ ማቀዝቀዣውን የሚያጠፋ ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። ሻርፔን ተከናንቤ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ወደ ብዕር ባዛር የሚሄድ ሰው በጣቱ ይታወቃል። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ መሃል ጣቱ ላይ ሐምራዊ ቀለም አለ፤ ቀና ሲል ሬይናን የጥርስ ሐኪሙ ነው። ባለፈው ዓመት ሴቡ ከተማ፣ ከዚያ በፊት ዳቫዎ ባዛር ላይ ተገናኝተናል። ሌላ ቦታ ቢያገኘኝ የማያውቀኝ ሰው እዚህ ወንበሩን ትቶ አጠገቤ መጣና ከወረቀት ከረጢት ትኩስ ዳቦ አቀረበልኝ። ባዛር ላይ ወጣቶቹ ሁሉ ቲታ፣ አክስቴ፣ ነው የሚሉኝ፤ እሱም እንደዚያው።

«ቲታ፣ ዘንድሮ ምን ልትገዢ ነው?»

«ምንም። ላስሞርድ ነው።» ብዕሩን አሳየሁት። ሳይነካው በፊት ሁለቱንም እጁን በሱሪው ጠረገ፤ በእኛ ዘንድ ነውር የሚባለው ሳያስፈቅዱ የሰው ብዕር መንካት ነው። ክዳኑን ፈትቶ ጫፉን ወደ ብርሃኑ አዞረና ከንፈሩን ነከሰ።

«ይሄ እኮ ሙሉ በሙሉ የአንድ ሰው ነው» አለ። «ቲታ፣ አስራ ምናምን ብዕር አለሽ አይደል? ይሄን ለመታሰቢያ አስቀምጪውና በሌላው አትጽፊም?»

ዳቦዬን አኘክኩ። ምን ልበለው? በሌላው ከጻፍኩ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ከሌለው እናቴ አትተኛም፤ እሷ ካልተኛች እኔ አልተኛም። በዚህኛው ከጻፍኩ ደግሞ ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ ይለበልበኛል። ሐኪም ቤት ሄጄ «ምን ሥራ ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «ጡረተኛ ነኝ» ብዬ ወጥቻለሁ። ባዛር ለባዛር ስዞር የኖርኩት ቀለም ልገዛ ነው ብዬ ነው የማወራው። እውነቱ ግን በዓመት ጥቂት ቀን ራሴን ሆኜ የምታወቅበት ቦታ ስለምፈልግ ነው። ይህን ለጥርስ ሐኪም በዳቦ መሃል አይነግሩትም።

ባዛሩ ያለው የአንድ ሆቴል ሁለተኛ ፎቅ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ትናንት ሠርግ የነበረበት ይመስለኛል፣ ጣሪያው ላይ የወርቅ ወረቀት ተንጠልጥሎ ቀርቷል። መግቢያው ሁለት መቶ ፔሶ ነው፤ ከኢሎይሎ የመጣን ሁሉ ተወደደ ብለን እናማርራለን፣ ከዚያ ገብተን የቀለም ብልቃጥ በዚያ አራት እጥፍ እንገዛለን። ጠረጴዛዎቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል። አንዱ የጃፓን ብዕር፣ አንዱ የጥንት የጀርመን ብዕር፣ አንዷ በእጇ ያዘጋጀችውን ቀለም በተራ ጠርሙስ ደርድራለች፤ ስሙን «የነሐሴ ጭቃ» ብላዋለች፣ ሲጽፉበትም እውነትም ጭቃ ነው። አዳራሹ ሰው ሞልቶ ጸጥ ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ አጎንብሶ የራሱን ስም ደጋግሞ ይጽፋል። ሌላ ጊዜ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ እውል ነበር። ዛሬ ግን ቀጥ ብዬ አዳራሹ ጫፍ መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ወደ ማኖንግ ኔሎ ሄድኩ።

ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድም፣ የምንለው ኔሎ የብዕር ጫፍ ሞራጅ ነው። ሽማግሌ ነው፤ የሚመጣው እዚህ ባዛር ላይ ብቻ ነው፣ ዓይኑ ስለደከመም ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው ብሎ አስነግሯል። ስለዚህ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እኔም ቆምኩ። ከፊቴ የነበሩትን ሁሉ አየሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ። ሞራጁ «እስኪ ጻፉልኝ» ሲል ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ለፈተና እንደቀረበ ተማሪ ቆንጆ አድርገው ይጽፋሉ። እሱ ደግሞ የሚያየው ፊደሉን አይደለም፤ እጁን ነው። ለዚያ ለተዋበው እጅ ከሞረደው ሰውዬው ቤቱ ገብቶ እንደ ልማዱ ሲጽፍበት ብዕሩ እንቢ ይላል። ለዚህ ነው ማኖንግ ኔሎ እያወራ የሚያጽፈው፤ ጠዋት ምን በላችሁ፣ ዶሮ በከሰል የሚጠበሰው የት ሰፈር ይሻላል፣ አማታችሁ ደህና ናት ወይ ይላል። ሰው መልስ ሲያስብ እጁን ይረሳል፣ ያኔ ትክክለኛው እጅ ይወጣል። እኔ ይህን ዘዴ ስለማውቀው በሰልፈኞቹ ላይ ውስጥ ውስጡን እየሳቅኩ ነበር።

ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ ብዕሩን ተቀብሎ በማጉያው ለረጅም ጊዜ አየው። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ የምትሽከረከር ድንጋይ፣ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጮችና አንድ ኩባያ ውሃ አሉ።

«ሰውየው ኃይለኛ እጅ ነበረው» አለ። «ምንሽ ነው?»

«አባቴ ነበሩ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። በይ ጻፊ፣ ኢንዳይ። ከየት መጣሽ? ባሕሩ እንዴት ዋለ?»

በስልሳ ዓመት ደጃፍ ላይ ያለችን ሴት ልጅት ብሎ የሚጠራ ሰው ማግኘትም ደግ ነው። ባሕሩ ደህና እንደነበር፣ ጀልባዋ ግን በረዶ ቤት እንደሆነች እያወራሁ ጻፍኩ። አላሳመርኩም። ስለ ብርዱ እያማረርኩ ሁለት መስመር ሄድኩ። ቧጣ፣ ቧጣ፣ ቧጣ። ማኖንግ ኔሎ መዳፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈና አስቆመኝ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የኔ ነዋ! ማኖንግ፣ እኔ ለሞራጅ ፊት የምታሳምር ጀማሪ አይደለሁም።»

«አሳመርሽ አላልኩም። ያንቺ አይደለም ነው ያልኩት። አንጓሽን እይው።»

አየሁት። ክርኔ ከጠረጴዛው ተነሥቷል፣ አንጓዬ ወደ ውጭ ተጠምዟል፣ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጥቷል። አባቴ ሂሳብ ሲሠራ እንደዚያ ነበር የሚቀመጠው። ፊደሎቹንም አየሁ፤ ወደ ግራ የተንጋደዱት፣ ጅራታቸው የተጫነው ፊደሎች የሱ ናቸው። ሰው ላይ ስስቅ ቆይቼ ከሁሉም የባሰውን ስህተት እኔው ሠራሁት፤ እነሱ ለአንድ ደቂቃ ያስመሰሉትን እኔ ለዓመታት አስመስዬዋለሁ። አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ ግን ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

ማኖንግ ኔሎ የሩዝ ነጋዴ ማስታወቂያ ያለበት ተራ እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «በዚህ ጻፊ። ገበያ የምትገዢውን።»

ሩዝ፣ ሳሙና፣ ዝንጅብል፣ የናናይ ክሬም አልኩና ጻፍኩ። እጄ ሳልነዳው ሄደ። ፊደሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ወደ ፊት ያጋደሉ፣ የሚጣደፉ። ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ርዕሰ መምህሩ «ሶኮሮ፣ ይህን ጽሑፍሽን ከአንቺ ሌላ ማን ያነበዋል?» የሚለኝ እጅ ነው። ከአገር የወጣ ሰው ድንገት በር ላይ ሳገኘው የምደነግጠውን ያህል ደነገጥኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሬይናን ከኋላዬ ቆሞ ነበርና አስነጠሰኝ ብዬ አመካኘሁ።

«ለዚህኛው እጅ ልሞርደው?» አለ ማኖንግ ኔሎ። «አስቢበት። ብረት ተመልሶ አይበቅልም።»

«ድምፁን ሊተዉልኝ ይችላሉ?» አልኩት። «ጠማማውን አውጥተው ድምፁን ብቻ።»

አልሳቀብኝም። «ድምፁ ያለው ጠማማው ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ናቸው።»

ማታ ናናይ ከመጋረጃው ጀርባ «ሲያኖ?» ስትል፣ መልስ አጥታ ስታለቅስ፣ ኤፍሬን «አላልኩሽም?» ሲለኝ ታየኝ። አባቴን ሁለተኛ የምቀብረው እኔው ነኝ። ደግሞም ሌላው ታየኝ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ በወፈረ ድምፅ «ልጨርስ ነው» ስል። አባቴን እወደዋለሁ፣ እናቴን ከሱ በላይ እወዳታለሁ፤ እሱን መሆን ግን በቃኝ።

«ይሞርዱት» አልኩ።

ድንጋይዋ ዞረች። አንድ ዘፈን ተዘፍኖ እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀም። በብርጭቆ ወረቀቱ ዳበሰው፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አወጣው፣ በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ። ጻፍኩበት፤ ሩዝ፣ ሳሙና፣ ዝንጅብል። ምንም አይሰማም። ቀለሙ ብቻ ይወርዳል።

ሬይናን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየና፣ «ቲታ፣ ለካ እጅሽ እንዲህ መጥፎ ነው!» አለ።

«አዎ» አልኩት፣ «መጥፎ ነው። የኔ ነው።» ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳላለቅስ በፊት ወጣሁ።

የመጨረሻዋ ጀልባ ላይ ብዕሩን ከቦርሳዬ እያወጣሁ እመልሰው ነበር። ለናናይ ፒያያ፣ ያን በውስጡ ጥቁር ስኳር ያለበትን ቂጣ ገዝቼላታለሁ፤ ትወደው ነበር፣ አሁን ትወደው እንደሆን አላውቅም። ማዕበሉ ተነሥቶ ስለነበር ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ ግን ልቤ ቆርጧል። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፤ ሆኖም ይቅር ብዬ ልመልሰው የምችለው ነገር አልነበረም፣ ያም ራሱ አጸናኝ።

ቤት ስደርስ እየመሸ ነው። ኤፍሬን በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ሸሚዙ ላይ ገንፎ ደርቋል፣ ፀጉሩ ቆሟል፣ በአንድ ቀን አሥር ዓመት አርጅቷል። ዴሊያ ወንበር ላይ ተዘርራ በጋዜጣ ፊቷን ታራግባለች። ሽርጤን አውልቃ ጥላዋለች።

«ቀኑን ሙሉ አባዬን ስትጠራ ዋለች» አለኝ ኤፍሬን። «ገንፎውን እላዬ ላይ ነው የደፋችው። ዘፈንኩላት፣ ‹ይህን ሰካራም አስወጡልኝ› አለች። ማናንግ፣ በየቀኑ እንዲህ ናት እንዴ?»

«ዛሬ ደህና ውላለች» አልኩት።

ሊስቅ ፈልጎ ሳይሆንለት ቀረ። «በይ ጻፊላት። ትስማውና ትተኛ። በእናትሽ።» ከዚያ ዓይኑ ቦርሳዬ ላይ አረፈ። «አላስሞረድሽውም አይደል?»

እጄን ታጥቤ ገባሁ። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ይንቋቋል፤ ናናይ አልተኛችም። ጠረጴዛዬ ጋ ቁጭ አልኩ፣ ወረቀት ዘረጋሁ፣ ክርኔን አሳርፌ መጻፍ ጀመርኩ። ዛሬ ባኮሎድ ሄድኩ፤ ባሕሩ ደህና ነበር፤ ጀልባዋ ቀዝቃዛ ናት። ብዕሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ምንም ድምፅ የለም። ኤፍሬንና ዴሊያ በሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ጥለዋል።

«ሲያኖ?» አለች ናናይ።

መጻፌን አላቆምኩም። ጉሮሮዬ ያንን ወፍራም ድምፅ ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልማድ ነው። ዋጥኩት።

«ሲያኖ! አለህ?»

ኤፍሬን በሹክሹክታ፣ «መልሺላት እንጂ! አየሽ፣ አላልኩሽም?» አለ።

«አባዬ አይደለም፣ ናናይ» አልኩ፣ በገዛ ድምፄ። «እኔ ነኝ።»

አልጋው መንቋቋቱን አቆመ። ልታለቅስ ነው ብዬ ብዕሩን አስቀመጥኩ።

«አንቺ ማን?»

«ኮሪንግ።» ሶኮሮን አሳጥራ በልጅነቴ የምትጠራኝ እንዲህ ነበር።

ጣቶቿ መጋረጃውን ያዙ፣ ገለጥ አደረጉት። የደከሙት ዓይኖቿ ፊቴን፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ መልሰው ፊቴን አዩ። ነገ ታስታውሰኝ እንደሆነ አላውቅም፤ በዚያች ሰዓት ግን ያየችው እኔን ነው።

«ኮሪንግ» አለች፣ እንደ ጥንቱ በቁጣ። «ቀኑን ሙሉ የት ዋልሽ? በልተሻል?»

«አልበላሁም፣ ናናይ» አልኩ። እውነትም ከጠዋቷ ዳቦ ወዲህ አልበላሁም ነበር።

ናናይ አንገቷን አስግጋ በሩ ላይ ወደቆመው ልጇ ዞረች።

«አንተስ ምን ይገትርሃል?» አለችው። «እህትህ አልበላሁም ስትል አትሰማም? ሩዝ አቅርብላት!»

ኤፍሬን እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ሳህን ሊያመጣ ሄደ።